የብየዳ ማሽንና ሶፍትዌሩ፦ የተሰጠ መሣሪያ ከሥራ እንዳይወጣ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የቲምን ስለመደገፍ ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ቀለብ፣ ልብስና የትምህርት ቤት ወጪ ናቸው። ተገቢም ነው። ልጁ አድጎ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «ነገ ራሴን ችዬ እናቴንና ታናናሾቼን የምረዳው በምን ሙያ ነው?» የሚል ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ብየዳ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የብረት በርና መስኮት ይፈልጋል። የውኃ ማጠራቀሚያ መቆሚያ፣ የወፍጮ ቤት ማሽን፣ የጋሪ አካል፣ የጭነት መኪና ሳንቃ፣ የመስኖ ፓምፕ መቀመጫ ሁሉ በያጅን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አንሥቶ ቀድሞ የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ እስከሚባለው ድርጅት ድረስ የአዳማ አካባቢ ብረት ሠራተኛን ሲፈልግ የኖረ አካባቢ ነው።

በመሆኑም ለሙያ ሥልጠና የብየዳ ማሽን ገዝቶ መስጠት መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ማሽን አባቶቻችን የሚያውቁት ማሽን አይደለም። በውስጡ ኮምፒውተር አለው፤ ኮምፒውተሩም በሶፍትዌር ይሠራል፤ ሶፍትዌሩም እንደ ማንኛውም ሶፍትዌር አልፎ አልፎ መታደስ ይኖርበታል። ይህን ያላወቀ ሰጪ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው መሣሪያ በሁለተኛው ዓመት መጋዘን ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ሊያገኘው ይችላል። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝም ደኅናውን ማሽን በአንድ የተሳሳተ ፋይል ሊያበላሸው ይችላል። በዚህ ዕትም የመረጥነው ትምህርት ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ትምህርቱ ለአሠልጣኞች ብቻ የተጻፈ አይደለም። ገንዘቡን የሚሰጡ ወገኖችና ልጃቸውን ለሙያ የላኩ እናቶችም እንዲረዱት አድርገን ለማቅረብ ሞክረናል።

1. ማሽኑ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

በኤሌክትሪክ ቅስት ብረትን ማያያዝ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ኒኮላይ ቤናርዶስ የተባለው የሩሲያ ፈልሳፊ በካርቦን ዘንግ የሚሠራ ብየዳን ለዓለም አስተዋወቀ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ኦስካር ሼልበርግ የተባለ ስዊድናዊ በልባስ የተሸፈነ ኤሌክትሮድ ሠራ። ዛሬ በየሠፈራችን በያጅ በእጁ ይዞ የምናየው ኤሌክትሮድ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ለረጅም ዘመን ማሽኑ ትራንስፎርመር ብቻ ነበር። የብረት እምብርትና የመዳብ ጥቅል ይዞ ከመስመር የሚመጣውን 220 ወይም 380 ቮልት ወደ ዝቅተኛ ቮልትና ከፍተኛ አምፔር ይለውጣል። ክብደቱ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ነገር ግን ጠንካራ ነው፤ የሚበላሸውም ጥቂት ነገር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ኬምፒ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ሂላርክ 250 የተሰኘውን የኢንቨርተር ብየዳ ማሽን አወጣ። የኢንቨርተር አሠራር በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ማሽኑ 220 ቮልቱን ተቀብሎ በቅድሚያ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ይህም ወደ 310 ቮልት ይጠጋል። ቀጥሎ በኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች አማካይነት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያበራዋል ያጠፋዋል። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ትራንስፎርመር በጣም ትንሽ መሆን ስለሚችል፣ 200 አምፔር የሚሰጥና ከ10 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን ማሽን ሊሠራ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ፍሮኒየስ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ሙሉ በሙሉ በዲጂታል የሚቆጣጠር ማሽን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን የሚመራው በውስጡ የተጻፈው ፕሮግራም ሆነ።

2. ሶፍትዌሩ በማሽኑ ውስጥ ምን ይሠራል?

ፈርምዌር የሚባለው ሶፍትዌር በማሽኑ ቦርድ ላይ በሚገኝ ማስታወሻ ውስጥ የሚቀመጥና ኤሌክትሪክ ቢጠፋም የማይጠፋ ፕሮግራም ነው። ዋና ዋና ተግባራቱም እነዚህ ናቸው።

ሀ) አምፔሩንና ቮልቱን በየሰከንዱ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይለካል፤ በልኬቱም መሠረት ኃይሉን ያስተካክላል። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ አምፔር ጨምሮ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው፣ ከተጣበቀም ኃይሉን የሚቀንሰው እርሱ ነው።

ለ) በሽቦ በሚበየድ ማሽን ላይ የሽቦውን ፍጥነትና ቮልቱን ያጣጥማል። በያጁ የሽቦውን ዓይነት፣ ውፍረትና የጋዙን ዓይነት ሲመርጥ ማሽኑ ከተከማቸው ሠንጠረዥ ተስማሚውን ያወጣለታል። ለ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ የተጻፈው ለ1.2 ሚሊ ሜትር አይሆንም፤ ለካርቦን ዳይ ኦክሳይድ የተጻፈውም ለአርጎን ቅይጥ አይሆንም።

ሐ) ሙቀትን፣ የመስመር ቮልትንና የማቀዝቀዣውን አሠራር ይከታተላል። አደጋ ሲያይ ሥራውን ያቆምና በመስኮቱ ላይ የስሕተት ቁጥር ያሳያል።

መ) በየሥራው የተቀመጡትን ልኮች ያስታውሳል፤ በዘመናዊዎቹ ላይም ማን፣ መቼ፣ በስንት አምፔር እንደበየደ ይመዘግባል።

ከዚህ የምንረዳው ሶፍትዌር ሲበላሽ ማሽኑ መብራቱ እየበራ ሥራ ሊያቆም ወይም ከዚያ የባሰ፣ እየሠራ የተሳሳተ ልክ ሊሰጥ እንደሚችል ነው። በደንብ ያልተያያዘ ብረት ከላይ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል። የውኃ ታንክ ተሸክሞ የቆመ ጊዜ ግን እውነቱ ይወጣል።

3. ማዘመን መቼ ያስፈልጋል? መቼስ አያስፈልግም?

አምራቹ አዲስ ሶፍትዌር የሚያወጣው የተገኘ ጉድለትን ለማረም፣ ለአዲስ ሽቦና ጋዝ ሠንጠረዥ ለመጨመር፣ የማሽኑ ክፍሎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ለማድረግ፣ ወይም ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ማሽንን ከጥቃት ለመጠበቅ ነው። ስለሆነም ማዘመን ተገቢ የሚሆነው ከሚከተሉት አንዱ ሲኖር ነው፦

- አምራቹ ለደኅንነት ሲል እንዲታደስ ማስታወቂያ ሲያወጣ፤
- በማሽናችን ላይ የምናየው ችግር በአዲሱ ዕትም መግለጫ ላይ ታረመ ተብሎ ሲጻፍ፤
- ለምንሠራው ሥራ የሚያስፈልገን ሠንጠረዥ በአሮጌው ውስጥ ሳይኖር ሲቀር፤
- ቦርድ ወይም የሽቦ መጋቢ ተለውጦ የክፍሎቹ ዕትም ሳይመጣጠን ሲቀር።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ከሌለ፣ ደኅና የሚሠራን ማሽን «አዲስ ወጣ» ስለተባለ ብቻ መነካካት አይመከርም። በተለይም ሠልጣኞች ለምዘና በሚቀርቡበት ሳምንት ወይም የተዋዋሉት ሥራ በሚረከብበት ዋዜማ ፈጽሞ አይሞከርም።

4. ሁሉም ማሽን ይዘመናልን?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙት ትንንሽ ኢንቨርተሮች አብዛኞቹ ፕሮግራም ቢኖራቸውም በተጠቃሚ እጅ የሚታደስበት ቀዳዳ የላቸውም። ሲበላሹ ቦርዱ ይለወጣል እንጂ ሶፍትዌሩ አይታደስም። ለጀማሪ ሠልጣኝ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቀላል መሣሪያ ቀላል እንክብካቤ ይበቃዋል።

የሚዘመኑትም በአንድ መንገድ አይዘመኑም። ሚለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዳይናስቲ በሚባሉ አንዳንድ ማሽኖቹ ፊት ላይ የማስታወሻ ካርድ መክተቻ አኑሯል። ሊንከን ኤሌክትሪክ ፓወር ዌቭ የሚባሉትን ማሽኖቹን በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር በማገናኘት በራሱ ፕሮግራም ያድሳል። የፍሮኒየስ ቲፒኤስ አይ ማሽን በኔትወርክ ገመድ ሲያያዝ በኮምፒውተር መስኮት ላይ የራሱን ገጽ ይከፍታል፤ ማደሱም በዚያ ገጽ ይከናወናል። ከኬምፒ ማሽኖች መካከል በፍላሽ የሚታደሱ አሉ። ስለዚህ ከጎረቤት ወርክሾፕ የተማርነው ዘዴ ለእኛ ማሽን ላይሠራ ይችላል። ዳኛው የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ነው።

5. የማዘመን ቅደም ተከተል

የመመሪያው ዝርዝር ቢለያይም ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለሁሉም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ማሽኑን ማወቅ። ከጀርባው ከተለጠፈው ጽሑፍ ሙሉ የሞዴል ስሙንና መለያ ቁጥሩን መገልበጥ። በስም አንድ የሚመስሉ ሁለት ማሽኖች በውስጣቸው የተለያየ ቦርድ ሊኖራቸው ይችላል። ቀጥሎ በመስኮቱ ላይ የአሁኑን የሶፍትዌር ዕትም ቁጥር ፈልጎ መጻፍ። የሽቦ መጋቢውና መቆጣጠሪያው የየራሳቸው ዕትም ካላቸው እነርሱንም መጻፍ።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ከባለቤቱ መውሰድ። ከአምራቹ ወይም ከሕጋዊ ወኪሉ ብቻ እንጂ ከማይታወቅ ሰው ፍላሽ አይገለበጥም። ከአዲሱ ዕትም ጋር የሚወጣውን መግለጫ አንብቦ ለእኛ ሞዴል መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። በስልክ ዳታ ሲወርድ መሀል ላይ የተቋረጠ ፋይል ሙሉ መስሎ ሊታይ ስለሚችል መጠኑን አምራቹ ከጻፈው ጋር ማመሳከር ይገባል። ፍላሹም ባዶ፣ ከቫይረስ የጸዳና መመሪያው በሚያዝዘው ፎርማት የተዘጋጀ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ያለውን መጠበቅ። አንዳንድ ማሽኖች ሲታደሱ የተቀመጡ ልኮች ሁሉ ጠፍተው ከፋብሪካ እንደወጡ ይሆናሉ። ስለዚህ በማሽኑ ላይ የማስቀመጫ መንገድ ካለ በዚያ፣ ከሌለም በእጅ በመዝገብ ላይ እያንዳንዱን ልክ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚሁ ጋር አንድ ቀላል ነገር እንመክራለን፦ ከማዘመኑ በፊት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ በታወቀ ልክ አንድ መስመር በይዶ፣ ልኩን በላዩ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ይህ ናሙና በኋላ ምስክር ይሆናል።

አራተኛ፣ ኤሌክትሪኩን ማዘጋጀት። ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። አዲሱ ፕሮግራም እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ሳይሞላ ይቀራል። ብዙ ዘመናዊ ማሽኖች ለዚህ ጊዜ የሚሆን የማይሰረዝ ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም ስላላቸው እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ይህ የሌላቸው ግን ለጥገና ወደ ወኪል ይሄዳሉ። የአዳማ ሰው ከኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲዞሩ ያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ በ2015 የተጠናቀቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብም ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ኃይሉ የሚገባው ወደ ብሔራዊው መረብ ስለሆነ የማመንጫ ጎረቤት መሆን ከመቋረጥ አያድንም። ስለዚህ መስመሩ የሚረጋበትን ሰዓት መምረጥ፣ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ማሽንና ግራይንደር እንዳይሠራ ማድረግ፣ የላፕቶፑን ባትሪ መሙላት ይገባል። ስታቢላይዘር የቮልት መዋዠቅን ይቀንሳል እንጂ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ኃይል የለውም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

አምስተኛ፣ ማዘመን። የብየዳው ፒንሳ ወይም ሽጉጥ ከሥራው ብረት ርቆ ይቀመጥ፤ የጋዙ ሲሊንደር ይዘጋ። መመሪያው ያዘዘው ሁሉ በቅደም ተከተል ይፈጸም። ማሽኑ «ተጠናቀቀ» እስከሚል ድረስ ማንም ቁልፍ አይንካ፣ ገመድ አይንቀል። መስኮቱ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።

ስድስተኛ፣ መፈተሽ። ማሽኑ ተነሥቶ የዕትሙ ቁጥር መለወጡ ይታይ። ልኮቹ ይመለሱ። ከዚያም በዚያው ላሜራና በዚያው ልክ ሁለተኛ ናሙና ተበይዶ ከፊተኛው ጋር ይነጻጸር። ሁለቱንም በመጋዝ አቋርጦ ቆርጦ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ማየት ይቻላል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው አምፔር እውነት መሆኑን በክላምፕ ሜትር ማረጋገጥ ይበጃል። ነገር ግን የማሽኑ ውጤት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክን የሚለካ ክላምፕ ሜትር መሆን አለበት፤ ተራው የቤት ኤሌክትሪክ መለኪያ ትክክለኛውን አያሳይም።

ሰባተኛ፣ መመዝገብ። ቀኑ፣ የቀድሞውና የአዲሱ ዕትም ቁጥር፣ ሥራውን የሠራው ሰውና የፈተናው ውጤት በአንድ ደብተር ይጻፍ። እዚህ ላይ ለአገራችን የተለየ ጥንቃቄ አለ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅን ቀንና ሰዓት ነው፤ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል እርሱ 9፡00 ይላል። ከማዘመን በኋላ የማሽኑ ሰዓት ሊሳሳት ስለሚችል ማስተካከል፣ በደብተሩ ላይም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ከዓመት በኋላ ጥገና የሚያደርገው ሰው የትኛው ብልሽት ከማዘመኑ በፊት፣ የትኛው ከማዘመኑ በኋላ እንደደረሰ መለየት ያቅተዋል።

ማዘመኑ ካልተሳካስ? መመሪያው የሚለውን ያህል ጊዜ መጠበቅ፣ አጥፍቶ ማስነሣት፣ በዚያው ፋይል እንደገና መሞከርና የስሕተት ቁጥሩን ጽፎ ወኪሉን መጠየቅ ነው። የሌላ ሞዴል ፋይል «ይሞከር» ብሎ መጫን ግን ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል። ክዳኑንም መክፈት ክልክል ነው። ቀደም ሲል የጠቀስነው ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ላይ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ሰውንም ይገድላል። አንድ ቦርድ ይተካል፤ ልጅ ግን አይተካም።

6. ሶፍትዌር የማይፈታው ችግር

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ማሽን ሲያስቸግር «ሶፍትዌሩ ነው» ከማለት በፊት ሦስት ነገሮችን ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው የመስመር ቮልት ነው። ለምሳሌ ያህል ወርክሾፑ ከቆጣሪው 50 ሜትር ርቆ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ቢያያዝ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለሰው 100 ሜትር ነው። ይህ ገመድ ወደ 0.7 ኦም ተቃውሞ አለው። ማሽኑ ከመስመር 25 አምፔር ሲስብ 17.5 ቮልት በገመዱ ላይ ይቀራል። መስመሩ ራሱ በምሽት 195 ቮልት ከሆነ ማሽኑ የሚያገኘው ከ178 ቮልት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ብዙ ማሽን የዝቅተኛ ቮልት ስሕተት አሳይቶ ይቆማል። መድኃኒቱ ወፍራም ገመድ ነው።

ሁለተኛው ሙቀትና ከፍታ ነው። ማሽኑ ላይ «200 አምፔር፣ 60 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከእያንዳንዱ 10 ደቂቃ 6ቱን በይዶ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት ይህ ቁጥር የሚሰጠው በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ መለኪያው የሚያስበው ከፍታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ሻሸመኔ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በተለይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀትር የሚሠራ ሰው ለማሽኑ ከተጻፈው ይልቅ ረዘም ያለ ዕረፍት ቢሰጠው ዕድሜውን ያረዝምለታል።

ሦስተኛው አቧራ ነው። የአካባቢያችን ደቃቅ አቧራና ከግራይንደር የሚበተነው የብረት ብናኝ በማቀዝቀዣው አየር ተስቦ ቦርዱ ላይ ያርፋል። የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋልና በቦርዱ ላይ መንገድ ይሠራል። ስለዚህ ማሽኑ ከግራይንደር ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በየጊዜው ተነቅሎ ከቆየ በኋላ መመሪያው በሚፈቅደው መንገድ በደረቅና ለስለስ ባለ አየር ይጽዳ።

እነዚህ ሦስቱ ሳይታዩ ሶፍትዌር ማደስ ትኩሳት የያዘውን ሰው ልብስ እንደመለወጥ ነው።

7. ለሰጪ ወገኖች፦ ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለየቲሞች ሥልጠና የሚሰጥ መሣሪያ አማና ነው። ጥቅሙ ሳይቋረጥ ለዓመታት ከቀጠለ ደግሞ ሶደቀቱል ጃሪያ እንዲሆን እንመኛለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024) የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወድዷል። የጠፋን ማሽን መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሻጩ የሚከተሉትን ይጠየቅ፦

- የዚህ ማሽን ሶፍትዌር ይታደሳልን? በፍላሽ ነው፣ በካርድ ወይስ በኮምፒውተር?
- ፋይሉ በነፃ ይገኛልን? ወይስ የወኪል የይለፍ ቃል ይጠይቃል?
- ለሚያስፈልገን ሽቦና ጋዝ የሚሆነው ሠንጠረዥ አብሮ ተጭኗልን? በአንዳንድ ታዋቂ ማሽኖች ላይ ተጨማሪ ችሎታዎች ለብቻ የሚሸጡ ናቸውና ዕቃው ርካሽ ቢመስልም ከሥራ በፊት ሌላ ክፍያ ሊከተል ይችላል።
- አገር ውስጥ ቦርድ የሚለውጥ ባለሙያና መለዋወጫ አለን?
- ከውጭ ያገለገለ ማሽን ከሆነ የሚፈልገው ቮልት ከእኛ መስመር ጋር ይስማማልን? አምራቹስ ለዚያ ሞዴል ዛሬም ሶፍትዌር ያወጣልን?

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ያገለገለ ማሽን ከመላካችሁ በፊት በዚያው ሳላችሁ የመጨረሻውን ዕትም አስጭናችሁ፣ መመሪያ መጽሐፉንና ፋይሉን በፍላሽ አብራችሁ ብትልኩ እዚህ ያለውን ብዙ ድካም ታስቀራላችሁ።

ምርጫን በተመለከተ፣ ለአንድ ሥልጠና ክፍል ሁሉንም ማሽን ዘመናዊ ማድረግ አስፈላጊ ነው ብለን አናምንም። ጥቂት ጠንካራ ትራንስፎርመሮችና ቀላል ኢንቨርተሮች ለእጅ ልምምድ፣ አንድ የሚዘመን ዲጂታል ማሽን ደግሞ ለከፍተኛ ደረጃ ሠልጣኞች ቢሆን ገንዘቡም ትምህርቱም ይመጣጠናል።

8. ለአሠልጣኞችና ለሠልጣኞች

ሶፍትዌሩ ቮልቱን ይመርጣል፤ የዛገውን ብረት ግን አይጠርግም። የሽቦውን ፍጥነት ይወስናል፤ የእጅን ማዕዘን፣ ርቀትና ጉዞ ግን አይወስንም። ስለሆነም ሠልጣኙ በመጀመሪያ በቀላሉ ማሽን ላይ የቅስቱን ድምፅና የቀለጠውን ብረት መልክ ይማር። ዘመናዊው ማሽን ሲሳሳት የሚያውቀው ይህን የተማረ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሶፍትዌር ማዘመንን የሥልጠናው አካል ማድረግ ይገባል። ይህ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከቀረ ያ ሰው ሥራ የለወጠ ዕለት ማሽኑ ባለቤት ያጣል። ሠልጣኞች በሁለት በሁለት ሆነው ዕትም ቁጥር ማንበብን፣ መመዝገብንና ናሙና ማነጻጸርን ይለማመዱ። መመሪያ መጽሐፎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ዋና ዋናዎቹን የስሕተት ቁጥሮችና ትርጉማቸውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ከማሽኑ አጠገብ መለጠፍ ትልቅ እርዳታ ነው። በአዳማ እ.ኤ.አ. በ1993 በቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዚያ የሚማሩ ወይም ከዚያ የተመረቁ ወንድሞችና እህቶች በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለዚህ ሥራ ቢለግሱ፣ ዕውቀታቸው ከገንዘብ ባልተናነሰ ይጠቅማል።

ልጃቸውን ወደ ሙያ የላኩ እናቶችም አንድ ጥያቄ ይጠይቁልን፦ «ልጄ፣ ዛሬ ማሽኑ ምን አሳየህ?» የስሕተት ቁጥሩን አንብቦ ምክንያቱን ማስረዳት የሚችል ልጅ ከቀን ሠራተኛነት አልፎ ባለሙያ ወደ መሆን እየተጓዘ ነው። ከበር በያጅነት ተነሥቶ ማሽን አዳሽና ጠጋኝ መሆን ሌላ የእንጀራ በር ነው፤ በከተሞቻችንም ዲጂታል ማሽን በበዛ ቁጥር የሚፈለግ ሙያ ይሆናል።

የመከለሻ ጥያቄዎች

ሀ) ኢንቨርተር ማሽን ከትራንስፎርመር ማሽን የሚቀለው ለምንድን ነው?
ለ) ሶፍትዌር ማዘመን ተገቢ የሚሆንባቸውን አራት ምክንያቶች ዘርዝሩ።
ሐ) ስታቢላይዘር በማዘመን ጊዜ መብራት ቢጠፋ የማይረዳው ለምንድን ነው?
መ) ከማዘመን በፊትና በኋላ ናሙና መበየድ ምን ይጠቅማል?
ሠ) ማሽኑ የዝቅተኛ ቮልት ስሕተት ቢያሳይ በቅድሚያ ምን ትመለከታላችሁ?

ጥያቄዎቹን ሠልጣኞች በቡድን ተወያይተው እንዲመልሷቸው፣ አሠልጣኞችም መልሱን በማሽኑ ፊት ቆመው እንዲያሳዩ አደራ እንላለን።

አላህ የሰጪዎችን ኸይር ሥራ ይቀበል፣ የልጆቻችንንም እጅ ለሐላል ሪዝቅ የተባ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።